ሾኩ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት፦ የማውንቴን ሳይክል ፎርክ ይታደስ፣ ይሻሻል ወይስ ይቀየር?

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ የጎረቤቴ ልጅ ሳይክሉን እየገፋ ግቢያችን ገባ። «ጋሼ፣ ሾኩ ሞቷል። አዲስ የት ይገኛል?» አለኝ። መሪውን ይዤ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ልጁ ለአዲስ ፎርክ ገንዘብ ማጠራቀም ከጀመረ ሦስት ወር ሆኖታል። ሳይክሉንም በየሳምንቱ ላቫጆ እየወሰደ በግፊት ውኃ እንደሚያሳጥብ ሲያወራኝ ነገሩ ገባኝ። «ገንዘብህን ለጊዜው ያዘው፣ መጀመሪያ እንክፈተው» አልኩት።

ባሕር ዳር ላይ ሳይክል ብዙ ነው፤ የፎርክ ጥያቄም አያልቅም። ሰው የሚጠይቀው ግን ሁልጊዜ «የት ይገኛል?» ብሎ ነው፤ «ያስፈልገኛል ወይ?» የሚል ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

መጀመሪያ በስሞቹ እንስማማ። ፎርክ የምለው የፊት ጎማውን አቅፎ የያዘውን ባለ ሁለት እግር ክፍል ነው፤ ብዙዎቻችን «ሾክ» የምንለው። የሚያብረቀርቀው ላይኛው እግር ወፍራሙ ታችኛው እግር ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። መግቢያው ላይ አቧራ የሚከለክል ፓራዮል አለ፤ ከሱ ዝቅ ብሎ እግሩ የሚንሸራተትባቸው ቦኮላዎች አሉ። ሁለቱን ላይኛ እግሮች የሚያገናኘውን ትከሻ፣ ከትከሻው ተነስቶ በሳይክሉ አንገት ውስጥ አልፎ መሪው ድረስ የሚወጣውን ቱቦ ደግሞ ግንድ እላለሁ። ሸክሙን የሚሸከመው በርካሾቹ ሞላ ነው፣ በደህናዎቹ የታመቀ አየር። ደህናው ፎርክ በሌላኛው እግሩ ውስጥ እንቅስቃሴውን የሚያረጋጋ ዘይት አለው።

1. የት እንደምትነዱ እውነቱን ተናገሩ

ከተማችን ሜዳ ናት። ከፔዳ ተነስቶ በጊዮርጊስ በኩል ሐይቁን ይዞ ለሚውል ሰው አስፋልት ላይ የሚንጠራወዝ ፎርክ ጉልበት መብላት ነው ሥራው። ፔዳል ላይ ቆማችሁ በረገጣችሁ ቁጥር ከጉልበታችሁ የተወሰነው ወደ ሞላው ይሄዳል። ኮብልስቶኑ ነው እጄን የሚያደነዝዘው የምትሉ ደግሞ ፎርኩን ከመንካታችሁ በፊት የጎማውን ንፋስ ቀንሱ። ሰፋ ያለ፣ 2 ኢንች አካባቢ የሆነ ጎማ ድንጋይ እስኪመስል ተነፍቶ ኮብልስቶን ላይ ሲነዳ የትኛውም ፎርክ አያድነውም።

ቤዛዊት ኮረብታ ወጥታችሁ ቁልቁል የምትለቁት ከሆነ፣ ወይም ዘጌ ላይ በቡናው ደን ውስጥ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው ሥርና ድንጋይ በበዛበት የእግር መንገድ የምትገቡ ከሆነ (እግረኛ ሲመጣ ውረዱ እንጂ ደወል አታንጫርሩ) ያን ጊዜ የሚሠራ ፎርክ ያስፈልጋችኋል። በወር አንድ ቀን ለምትሄዱበት መንገድ ግን የወሩን ሁሉ ሳይክል አትግዙ።

2. የአምስት ደቂቃ ፍተሻ

የምትስቁብኝ ከሆነ ሳቁ፦ መጀመሪያ መቆለፊያውን ተመልከቱ። ከትከሻው በቀኝ በኩል ያለው መጠምዘዣ ብዙ ጊዜ ፎርኩን የሚቆልፍ ነው። ተቆልፎ «ደረቀ» ተብሎ የመጣልኝ ሳይክል ከአንድ በላይ ነው። በግራ በኩል መደመርና መቀነስ የተጻፈበት መጠምዘዣ ካለ ወደ መቀነሱ እስከ መጨረሻው መልሱት። ሰው «ማጠንከሪያ» ይለዋል፤ የሞላውን ጥንካሬ ግን አይለውጥም። ሞላውን አስቀድሞ ጨምቆ ያስቀምጠዋል፣ ያ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የፊት ፍሬን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ግፉት። ኳ ኳ ካለ ወዲያው በፎርኩ አትፍረዱ። አንድ ጣታችሁን የቴላዮው (የሳይክሉ ዋና አካል) አንገትና የፎርኩ ትከሻ የሚገናኙበት ላይ አድርጉና እንደገና ግፉት። ጨዋታው እዚያ ከተሰማችሁ የላላው የአንገት ኩሽኔታ ነው። መሪውን የያዘውን ክፍል የጎን ቡሎኖች አላልታችሁ፣ የላይኛውን ቡሎን ጨዋታው እስኪጠፋ ብቻ አጥብቃችሁ፣ የጎኖቹን መልሳችሁ ታስራላችሁ። ሳንቲም ሳታወጡ አበቃ። ጣታችሁን ፓራዮሉ አፍ ላይ አድርጋችሁ ጨዋታው እዚያ ከተሰማ ግን ቦኮላው ተበልቷል። በርካሽ ፎርክ ላይ ጥቂት ጨዋታ ከአዲስነቱም ይኖራል፤ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር የሚያንኳኳ ከሆነ ዕድሜውን ጨርሷል። ቶርኖ ቤት ከናይለን ቦኮላ አስቀርጾ ያመጣልኝ ሰው ነበር። ጥብቅ ሆኖ እግሩን ነክሶ አስቀረው። የፀጉር ውፍረት ያህል ስህተት እንኳን የማይችል ቦታ ነው።

የመጨረሻው ፍተሻ የብር ላስቲክ ይፈልጋል። ላስቲኩን የሚያብረቀርቀው እግር ላይ አስራችሁ እስከ ፓራዮሉ አውርዱት። ግድግዳ ተደግፋችሁ በቀስታ ኮርቻው ላይ ተቀመጡ፣ በቀስታ ውረዱ፤ ከዚያ ላስቲኩ ከፓራዮሉ ምን ያህል እንደራቀ በማስመሪያ ለኩ። 100 ሚሊ ሜትር የሚጓዝ (እስከ መጨረሻው ሲጫን ያን ያህል የሚወርድ) ፎርክ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ለክብደታችሁ ይስማማል። 5 እንኳን ካልሞላ ወይ ሞላው ለእናንተ ይከብዳል ወይ ውስጡ ደርቋል። 40 ካለፈ ደግሞ ሞላው ደክሟል ወይም ለክብደታችሁ ለስላሳ ነው፤ ባለ አየር ከሆነ አየር ጎድሎታል።

በእጃችሁ ተጭናችሁ ስትለቁትም ተመልከቱ። «ጧ» ብሎ ከተመለሰ የሚያረጋጋ ዘይት የለውም ማለት ነው። በርካሽ ባለ ሞላ ፎርክ ይህ ብልሽት ሳይሆን ተፈጥሮው ስለሆነ ምንም ዓይነት ዕድሳት አያስተካክለውም። ድንጋይ ቁልቁለት የምትወርዱ ከሆነ ወደ ተሻለ ፎርክ ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው፤ አስፋልት ላይ ከሆናችሁ እርሱት።

3. ክርክር የማያስፈልጋቸው ምልክቶች

ግንዱ ትከሻው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ፣ የፍሬን ማሰሪያውንና የጎማው ዘንግ የሚቀመጥበትን ጫፍ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉና በባትሪ እዩ። ተጠርጎ ተመልሶ የሚታይ ቀጭን ጥቁር መስመር ስንጥቅ ነው። ሳይክሉ ከባጃጅ ጋር ተጋጭቶ ከሆነ ከጎን ቆማችሁ እዩት፤ እግሮቹ ከቴላዮው አንገት ጋር በአንድ መስመር ካልሄዱና ወደኋላ ከተቀለበሱ ታጥፏል። የተሰነጠቀና የታጠፈ ፎርክ ዛሬውኑ ይውረድ። ብየዳ ቤት አትውሰዱት። ታችኛው እግር ብዙ ጊዜ ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ነው፤ በተራ ብየዳ ቢያያዝ እንኳ የሚለቀው ፍሬን በያዛችሁ ሰዓት፣ በጥርሳችሁ ፊት ነው።

ከዚያ የጥፍር ፈተና አለ። ጥፍራችሁን በሚያብረቀርቀው እግር ላይ ከላይ ወደታች ጎትቱት። ካልያዘው ጭረቱ የመልክ ጉዳይ ነው። አንዲት ጭረት ከያዘችው በ2000 ቁጥር የአሸዋ ወረቀት ጠርዟን ማለስለስ ይቻላል። ኒኬሉ ተልጦ ዝገቱ ጉድጓድ ጉድጓድ ከሠራና ቦታው ፓራዮሉ የሚመላለስበት ከሆነ ግን አዲስ ፓራዮል ብትገዙም በሳምንት ውስጥ ይቀደዳል።

ከእነዚህ አንዱም ካልተገኘ ፎርኩ አልሞተም። ወደ መክፈቱ እንሂድ።

4. ክፈቱት

የማወራው ስለ ተራው ባለ ሞላ ፎርክ ነው፤ በከተማችን የሚበዛው፣ የሳንቱር ኤክስ ሲ ቲ ዓይነቱ። ባለ አየር ከሆነ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ፦ ቡሎን ከመንካታችሁ በፊት አየሩን በሙሉ አስወጡ። አየር ያለበትን ፎርክ መፍታት ታችኛውን እግር ፊታችሁ ላይ መተኮስ ነው።

ጎማውንና ፍሬኑን አውርዱ፣ ሳይክሉን ገልብጡ። ከእያንዳንዱ እግር ጫፍ በታች አንድ ቡሎን ወይም ዳዶ አለ። በብሩጎላ ወይም በቁልፍ ሦስት አራት ዙር ብቻ አላሉት፤ ጨርሳችሁ አታውጡት። እንጨት ደግፋችሁ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ውስጥ የተጣበቀው ዘንግ «ጠቅ» ብሎ ይለቃል። አሁን ቡሎኖቹን አውጥታችሁ ታችኛውን እግር በሁለት እጅ እያወዛወዛችሁ ሳቡት።

የልጁ ፎርክ ሲጥ ሲጥ እያለ ወጣ። ውስጡ የነበረው ግራሶ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው፦ ዋልካ ጭቃ ከውኃና ከዝገት ጋር ተቦክቶ፣ ድስት ላይ እንደ ደረቀ ሽሮ እግሩን ተጣብቆታል። ሞላው ቀይ ሆኗል። ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ግራሶ ከቦኮላው ጥግ ላይ በጣት ጫፍ የሚነሳ ብቻ ቀርቷል። የላቫጆው ውኃ በፓራዮሉ ከንፈር ሥር ጭቃውን እየገፋ ያስገባ ነበር። ልጁ አፍንጫውን ያዘ፣ እኔ ደግሞ አሮጌ ከናቴራ ቀደድኩ።

ጨርቁን በዱላ ጠቅልላችሁ፣ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል እየነከራችሁ፣ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ውስጡን ጥረጉ። ቤንዚንና ናፍጣ አትጠቀሙ፤ የፓራዮሉን ላስቲክና ካለም ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ይበሉታል። የፓራዮሉን ከንፈር ገልብጣችሁ የተቀመጠውን አሸዋ አውጡ። የሞላውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አራግፋችሁ ግራሶ ቀቡት፣ ቦኮላዎቹን በጣት በስሱ ለብጧቸው። ብዙ ግራሶ መጠቅጠቅ ግን አየር ያፍናል፤ አቧራም ይሰበስባል። ደህናው ፎርክ ደግሞ ግራሶ ብቻ ሳይሆን በሚሊ ሊትር የተወሰነ የፎርክ ዘይት ይፈልጋል፤ በአብዛኛው በእግር ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን ትክክለኛው መጠን በመመሪያው ላይ አለ። የሞተር ዘይት ምትክ አይሆንም።

ስትገጥሙ ፓራዮሉ እንዳይታጠፍ ታችኛውን እግር አንዱን ጎን አስቀድማችሁ አስገቡ፣ ቡሎኖቹን እሰሩ፣ ፎርኩን አሥር ጊዜ ያህል ተጫኑት፣ የወጣውን ትርፍ ግራሶ ጥረጉ። ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሲለመድ አንድ ሰዓት ተኩል። የጥሩ ፎርክ አምራቾች ይህን ጽዳት በየ50 የመንዳት ሰዓቱ ይመክራሉ። እኔ ጭቃው ሲደርቅ መስከረም ላይ አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ሳይገባ ሚያዝያ ላይ አንድ ጊዜ አደርገዋለሁ። ላቫጆም መሄድ ካለባችሁ የውኃውን አፍ ከፓራዮሉ አዙሩት፤ ባልዲና ጨርቅ ግን ይበልጣል።

5. አሁን ሒሳቡ

ከተጸዳ በኋላ ላስቲኩን አስራችሁ ሁለት ቀን ንዱት። ከጉዞው ሁለት ሦስተኛውን ከተጠቀመና ካላንኳኳ ሥራችሁ አልቋል፣ የቀረውን አታንብቡት።

ካልጠገባችሁ ሳይክሉ ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣውን ዋጋ ጻፉ። ከጎኑ የአዲሱን ፎርክ ዋጋ፣ ፎርኩ ጎትቶ ከሚያመጣቸው ዕቃዎች ጋር ደምራችሁ ጻፉ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሲሶ ካለፈ እኔ አልገዛም፤ ሳይክሉን ሸጬ፣ ያንን ገንዘብ ጨምሬ ደህና ፎርክ ይዞ የመጣ እፈልጋለሁ። ደንቡ የራሴ ነው፤ ቴላዮው ለቁመታችሁ ልክ ከሆነና ከወደዳችሁት ልትጥሱት ትችላላችሁ። ግን የፍሬኑ ሸራ ብረት እየነካ፣ ጎማው ተልጦ እያለ ፎርክ የሚያስገዛ ምክንያት አይታየኝም። ጎማ፣ ፍሬን፣ ከዚያ ፎርክ።

ርካሽ ባለ ሞላን በሌላ ርካሽ ባለ ሞላ መተካት የሚያዋጣው የድሮው ሲሰነጠቅ ወይም ሲታጠፍ ብቻ ነው። አለዚያ ያው ናችሁ። እውነተኛ ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ባለ አየር፣ ዘይት ያለው ፎርክ፦ ለክብደታችሁ በአየር ይስተካከላል፣ ሲመለስም አይዘልም። ሌላው ብዙ ሰው የሚንቀው ሾክ የሌለው ደረቅ የብረት ፎርክ ነው። ባለ ሞላው ከ2.5 ኪሎ በላይ ሲመዝን ደረቁ ከ1 ኪሎ ብዙም አያልፍም፣ የሚደርቅ ፓራዮልም ሆነ የሚዝግ ሞላ የለውም። ከቤት ወደ ሥራ ለሚመላለስ የባሕር ዳር ሰው እኔ የምመክረው ይህን ነው። ስትገዙት ግን ቁመቱን ከድሮው ፎርክ ጋር አስተያዩ፤ በጣም ካጠረ መሪው ወደፊት ይደፋል።

6. ሳትለኩ ብር አታውጡ

ይህን የምለው ከግድግዳዬ ላይ ከተንጠለጠለ ልምድ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ «የ29 ፎርክ አምጣልኝ» አልኩት፤ ሌላ ምንም አላልኩም። ሻንጣው ሲከፈት የሚያምር ባለ አየር ፎርክ ወጣ፤ ግንዱ ግን ከላይ ቀጭን ሆኖ ከታች የሚወፍር ነበር። የኔ ሳይክል አንገት የድሮ ጠባብ ነው። ስምንት ወር የጃኬት መስቀያ ሆኖ ከርሞ ለሌላ ሰው ሸጥኩት። ስለዚህ፦

ግንዱን ለኩ። ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነው 28.6 ሚሊ ሜትር ነው። ከታች የሚወፍረው ከትከሻው አጠገብ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት 39.8 ነው። የቴላዮው አንገት ውስጡ 34 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚገባው እኩሉ ብቻ ነው፤ 44 ከሆነ ታችኛው ኩሽኔታ በውጭ በሚቀመጥ ኩባያ ወፍራሙንም ያስገባል። ቁመቱም አለ፤ ያገለገለ ፎርክ ግንዱ ለሌላ ሰው ሳይክል ተቆርጧል፣ የተቆረጠ ደግሞ አይቀጠልም።

የጎማው መጠን (26፣ 27.5 ወይም 29 ኢንች) ጎማው ላይ ተጽፏል። የጉዞው ርዝመት ቴላዮው ከተሠራበት ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ አይብለጥ። እያንዳንዱ 20 ሚሊ ሜትር የአንገቱን ዘንበል በ1 ዲግሪ ገደማ ይለውጠዋል፤ መሪው ይከብዳል፣ አንገቱ ላይ የሚያርፈው ኃይልም ይጨምራል።

የሚያስለቅሰው ግን ዘንጉና ፍሬኑ ነው። የድሮ ሞዞ (የጎማው መሐል፣ ዘንጉ የሚያልፍበት) 9 ሚሊ ሜትር ቀጭን ዘንግ ይይዛል፤ የአዳዲሶቹ ፎርኮች ብዙዎቹ 15 ናቸው። ሞዞ ተቀየረ ማለት ቸርኬው እንደገና በሽቦ ይሠራል ማለት ነው። ቸርኬ የሚነክስ ፍሬን ካላችሁ ደግሞ አዲሱ ፎርክ ማሰሪያው ላይኖረው ይችላል፤ ዲስክ፣ የዲስክ ሞዞ፣ ምናልባትም የፍሬን ማንሻ ትገዛላችሁ። ፎርክ ልትገዙ ወጥታችሁ ግማሽ ሳይክል ይዛችሁ ትገባላችሁ። በ5ኛው ላይ «ጎትቶ የሚያመጣቸው» ያልኩት እነዚህን ነው።

7. ያገለገለ ስትገዙ

የጥፍሩንና የጣቱን ፈተና ሻጩ ፊት አድርጉ፤ ቅር የሚለው ሻጭ ራሱ መልስ ነው። ባለ አየር ከሆነ አስነፍታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት በላስቲኩ እንደገና ለኩ። በፖምፓው የግፊት መለኪያ አትለኩ። ፖምፓውን በገጠማችሁ ቁጥር ጥቂት አየር ወደ ፖምፓው ቱቦ ስለሚሄድ ጤነኛውም ፎርክ የጎደለ ይመስላል። የፎርክ ፖምፓ ለብቻው ነው፤ ፎርኩን ስታስመጡ አብራችሁ አስመጡት። በምንም ምክንያት ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አታስነፉ። የፎርኩ የአየር ክፍል ከሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም፤ ኮምፕሬሰሩ በቅጽበት ከልክ በላይ ሞልቶ ውስጡን ሊያበላሸው ይችላል።

8. ከገጠማችሁ በኋላ

ግንዱን ከመቁረጣችሁ በፊት መሪውንና ከሥሩ ያሉትን ቀለበቶች አስቀምጣችሁ ምልክት አድርጉ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱና እንደገና ለኩ። የግንዱ ጫፍ መሪውን ከያዘው ክፍል አፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል፤ አለዚያ የላይኛው ቡሎን ኩሽኔታውን አያጠብቀውም። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ የፍሬኑን ፈተና ድገሙ፤ አዲስ ኩሽኔታ ሲቀመጥ ትንሽ መላላቱ አይቀርም።

የጎረቤቴ ልጅ ፎርክ ከጽዳቱ በኋላ 7 ሴንቲ ሜትር ወረደ። ቁልቁለት ላይ አሁንም «ጧ» ይላል፤ ያ ተፈጥሮው ነው ብየዋለሁ። ካጠራቀመው ገንዘብ ሁለት ጎማና የፍሬን ሸራ ገዛ። ላስቲኩን አልፈታውም። በሳምንቱ በበራችን ሲያልፍ ቆም አለና «ጋሼ፣ ቤዛዊት ላይ እስከዚህ ደረሰ» ብሎ በጣቱ አሳየኝ።